ለአንድ ተመልካች የተቀረጸ ሠርግ

ያ ብረት አሁንም ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁም ሣጥን አናት ላይ ተጋድሟል። ባለቤቴ ቤት ባጸዳች ቁጥር ለምን አትጥለውም ትለኛለች፤ እኔም ባጸዳች ቁጥር ነገ እጥለዋለሁ እላታለሁ። የማልጥለው ስለምወደው አይደለም። ሳየው ደሜ ይፈላል። ግን ታሪኩን ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ሳላወራ ብጥለው ጥፋቱ ሁሉ የብረቱ ሆኖ የሚቀር ይመስለኛል።

የካሜራ ማረጋጊያ ነው። በእጅ የሚያዝ ዘንግ ሆኖ ቪዲዮ ካሜራው አናቱ ላይ ይታሰራል፤ ከታች ክብደት አለው፤ ሰው እየተራመደ ሲቀርጽ ምስሉ እንዳይናጥ ያደርጋል። የገዛሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ካልጋሪ፣ ዶቨር ሰፈር ቤዝመንት ተከራይተን ስንኖር ነው። ስንኖር የምለው እኔና ታናሽ እህቴ ነን። እኔ መስኮት የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ እቀጠቅጥ ነበር፤ እሷ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ አዲስ አበባ የቀረችን እናታችን ብቻ ነበረች።

ካሜራውን ያገኘሁት ሰው ዕቃውን አስይዞ ሳይመለስ ከሚቀርበት ሱቅ ነው። ገዝቼም ዝም ብዬ አላስቀመጥኩትም። ቤዝመንቱን፣ ደረጃውን፣ በረዶውን፣ እህቴ ዩኒፎርሟን ለብሳ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ያየሁትን ሁሉ ቀረጽኩ። የዚህ አገር ካሴት እዚያ ማጫወቻ ላይ ስለማይሠራ አንድ ሱቅ አስገልብጬ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጠሁት። እናቴ ጎረቤት ሄዳ አየችው። አየችው ከተባለ።

እናቴ ድሮም የማዞር ችግር ነበረባት፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሄደው። እኔ ደግሞ ግማሹን እየሮጥኩ ነው የቀረጽኩት። ስደውልላት «ልጄ፣ አገሩ ነው እንዲህ የሚናወጠው ወይስ አንተ?» አለችኝ። ሳቅኩ። ቆየት ብላ ጎረቤቶቿ ፊት እንዳስመለሳት፣ ሁለት ቀን እንደተኛች፣ የእህቴን ፊት እንኳ በቅጡ ሳታይ ካሴቱን እንዳስዘጋችው ነገረችኝ። ሳቄ ጠፋ። አፈርኩ። ያን ሁሉ መንገድ የሄደ ካሴት እናቴን ከማሳመም በቀር ምንም አልፈየደም።

በዓመቱ እህቴ ልታገባ ሆነ። ልጁ ታክሲ ነጂ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ስለ እሱ የምለው ክፉ ነገር የለኝም። ለእናታችን የጥሪ ወረቀት ላክንላት፤ ቪዛ ከለከሏት። ምክንያቱ አንዲት አንቀጽ ነበረች፦ ወደ አገርዎ ይመለሳሉ ብለን አላመንንም የምትል። ሌላ ሰው ቤት ማደር እንኳ የማትወድ ሴትዮ። ስልክ ላይ አላለቀሰችም። «ይሁን፤ አንተ ታሳየኛለህ። ብቻ ቀስ ብለህ፣ ረጋ አድርገህ» አለችኝ። እኔም ማልኩላት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይንሽን ሳትጨፍኚ የምታዪው ሠርግ እልክልሻለሁ አልኳት። ከዚያች ቀን በኋላ ያ ሠርግ ለእኔ ተመልካቹ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ፍለጋ ጀመርኩ። መሀል ከተማ አንድ የፎቶ ዕቃ መሸጫ ገብቼ ካሜራ የሚያረጋጋ ነገር እፈልጋለሁ አልኩ። መጀመሪያ ያሳዩኝ የፊልም ሠሪዎቹን፣ ደረት ላይ የሚታጠቀውን፣ ካሜራውን የሚሸከም የብረት ክንድ ያለውን ነው። ዋጋውን ስጠይቅ ሻጩ ጫማዬን አየና ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። ለእህቴ ሠርግ አልኩት። ወደ ሌላኛው መደርደሪያ ወሰደኝ። እዚያ ትከሻ ላይ የሚደገፍ ነበረ። ርካሽ ነው፤ ቆሞ ለሚቀርጽ ሰው ደህና ነው፤ ሲራመዱ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ከትከሻ ወደ ካሜራው ያሳልፈዋል። በራሱ የሚያረጋጋ አዲስ ካሜራም አስያዘኝ። ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩበት። የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል እንጂ የእግርን ውዝዋዜ አያጠፋም፤ ዋጋውም የሚቀመስ አልነበረም።

የእኔን ያገኘሁት ያገለገሉ ካሜራዎች በሚሸጡበት ሌላ ሱቅ ውስጥ፣ አቧራ ጠጥቶ ጥግ ተጥሎ ነው። የማን ሥራ እንደሆነ እንኳ አልተጻፈበትም፤ ከታች የሚታሰሩት ክብደቶቹም ጠፍተዋል። በዚህ ምክንያት ነው ዋጋው እስከ እኔ አቅም የወረደው። ዛሬ ሰው ርካሽ ማረጋጊያ ልግዛ ቢለኝ የምነግረው ያኔ የተማርኩትን ነው። ዋጋ ከማየትህ በፊት ካሜራህን ከነባትሪው ከነካሴቱ መዝነው፤ ርካሾቹ የሚችሉት ልክ አለ፤ ካለፈ ዘንጉ ይጎብጣል፤ በጣም ካነሰም አይቆምልህም። ከዚያ መያዣው ላይ ያለውን መገጣጠሚያ በአንድ ጣት ግፋው። ድምፅ ሳያሰማ፣ ሳይዝ መዞር አለበት። ትንሽ እንኳ ከያዘህ በነፃም ቢሰጡህ አትውሰደው። ክብደት ቢጎድለው ግን ችግር የለም፤ እኔ ፋብሪካው ውስጥ ካለው ሳጥን ሮንዴላ፣ ያቺን መሀሏ ቀዳዳ የሆነች ክብ ብረት፣ ለምኜ በብሎን አሰርኩበት፤ እንዲያውም አንድ በአንድ መጨመርና መቀነስ ስለሚቻል ከዋናው ሳይሻል አይቀርም።

ሚዛን ማስያዙ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ዘንጉን አጋድመህ ትለቀዋለህ። አንድ፣ ሁለት ብለህ ስትቆጥር ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቶሎ ከቆመ ከታች ከብዷል ማለት ነው፤ ስትራመድ ይወዛወዛል። ከዘገየ ቀሏል፤ ወደ ጎን ያጋድላል። አንድ ሮንዴላ ትጨምራለህ፤ ሁለት ትቀንሳለህ፤ ካሜራውን በጥፍር ስፋት ወደፊት ትገፋለህ። በመጨረሻ ልክ ሲመጣልህ ትልቁ ባትሪ እንዳልገባ ትዝ ይልህና እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ። መያዣውንም ጨምድደህ ከያዝከው ዋጋ የለውም። ላላ አድርገህ፣ በሌላው እጅህ ሁለት ጣት ብቻ እየመራኸው፣ ጉልበትህን ሰበር አድርገህ ነው የምትሄደው። ከላውንደሪው እስከ ኪችን አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልቼ በሌላው እጄ ይዤ እለማመድ ነበር፤ ውሃው ካልፈሰሰ ምስሉም አይናጥም ብዬ። እህቴ ዳክዬ ትመስላለህ እያለች ትስቅብኛለች። ውጭ ስወጣ ደግሞ ቺኑክ የሚሉት የካልጋሪ ንፋስ ካሜራውን ይዞ ያዞረዋል። ጀርባዬን ለንፋስ ሰጥቼ መቅረጽ ለመድኩ።

አንድ የራሴን ደንብ ደግሞ አወጣሁ። የመቅረጫውን ቁልፍ መጫን ብቻውን ያን ሁሉ የተለፋበትን ሚዛን ያናጋዋል። ስለዚህ አንዴ ካስጀመርኩት ካሴቱ እስኪያልቅ አልነካውም። ክንዴ ሲዝል ዘንጉን ከነካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰክቼ ክፍቱን እተወዋለሁ፤ ትርፉን በኋላ ስገለብጥ እቆርጠዋለሁ እላለሁ። ብዙ ሰው ለሠርግ አንድ ካሴት ሲገዛ እኔ ስድስት የገዛሁት በዚህ የተነሳ ነው።

የሠርጉ ሳምንት ገባ። እህቴ ዝም አለች። ሙሽራ ናት፣ ፈርታ ነው አልኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስለማመድ ታየኛለች፤ ዳክዬ ማለቷንም ተወች። ሐሙስ ቀን ለእናቴ ልደውል ስል አሁን ኮል አድርጌላት ነበር፣ ደህና ናት፣ ተኝታለች አለችኝ። አርብ ስሞክር መስመሩ እምቢ አለ። እንደ አባት የሚያዩን ሽማግሌ ለሠርጉ ጉዳይ መጥተው ነበርና እዚያው ተቀምጠው፣ ተወው ልጄ፣ ሠርገኛ ቤት ስልክ ማን ያነሳል፣ እዚያም ድግስ ላይ ናቸው አሉኝ። አመንኳቸው። ለምን አላምናቸውም?

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ለፎቶ ወንዙ ዳር ወዳለው መናፈሻ ሄድን። የዓመቱ ቺኑክ ሁሉ ያን ቀን አርፎ ነበር። ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ ሙሽራዋ ብቻዋን ትቆማለች፤ እኔ ዙሪያዋን አንዴ እዞራለሁ፤ ፊቷ ጋ ስደርስ እቆምና ለእናታችን ትናገራለች። ቃሉንም በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ። ዞርኩ። ፊቷ ጋ ስደርስ «እማዬ» አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። ፊቷን አዞረች። ከደስታ ነው አልኩ፤ ሚዜዎቹም አይዞሽ እያሉ አሳቋት። «እንደገና» አልኳት።

ሁለተኛውን እያለቀሰችም ቢሆን ጨረሰችው። እኔ ግን የቬሎዋን ጫፍ ረግጬ ካሜራው ወደ ግራ ዘመመ። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃል ይል ነበር። እኔ እናቴ ስታየው የምታዞርባት አንዲት ቦታ እንኳ እንድትኖር አልፈለግኩም። «እንደገና፤ ይኼ የእኔ ጥፋት ነው» አልኩና ዘንጉን ማቆሚያው ላይ ሰክቼ ሮንዴላ ፍለጋ ወደ መኪናው ሄድኩ። ስመለስ ሽማግሌው አጠገቧ ቆመው ነበር። እሷ ዓይኗን ጠርጋ ቀጥ ብላ ቆማለች። አንድ ሮንዴላ ጨመርኩ፤ ዝግጁ ነሽ አልኳት፤ ዞርኩ።

ሦስተኛው እንከን የለውም። ውሃ ላይ እንደሚሄድ ነገር ዞሬ ፊቷ ጋ ቆምኩ። ፈገግ ብላ፣ እንባ ሳይኖራት፣ የጻፍኩላትን ቃል በቃል አለችው። «እማዬ፣ ይኸው ተሞሸርኩልሽ። ባትመጪም አብረሽኝ ነሽ። ዓይንሽን አትጨፍኚ፤ እይኝ።» ያን ቀን በራሴ የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ኤሪን ውድስ ሰፈር ባለው አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ ሰውን ሁሉ ለእናታችን ሰላምታ አስባልኩ። እንኳን ደስ አለዎት እትዬ፣ ለልጅ ልጅ ያብቃዎት፣ በሚመጣው እናመጣዎታለን። አንዳንዶቹ ሳህናቸው ላይ አቀርቅረው፣ በኋላ በኋላ አሉኝ። ሽማግሌው ጭራሽ ካሜራው ፊት አልቆሙም፤ ዕድሜ ነው፣ ያፍራሉ ብዬ አለፍኳቸው።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው፣ ሁለት ሌሎች ወንዶች፣ ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። እህቴንም ከአዲሱ ቤቷ ከነባሏ ይዘዋት መጥተዋል። ነጠላውን ሳይ ገባኝ፤ ማን እንደሆነ ግን ሽማግሌው እስኪናገሩ ለማሰብ አልፈቀድኩም። «በርታ ልጄ። እናታችሁ ካረፉ ዛሬ አሥራ አንድ ቀናቸው ነው» አሉ። እህቴ ጮኸች፤ መሬት ላይ ወደቀች። እኔ አሥራ አንዱን ቀን ወደ ኋላ እቆጥር ነበር። ከሠርጉ ዘጠኝ ቀን በፊት ማለት ነው። ሮንዴላ ስጨምር ስቀንስ እናቴ ተቀብራለች።

በኋላ ሰዉ ተቀምጦ ሲጸጥ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው። መርዶ ለሙሽራ አይነገርም፤ ይህን አውቃለሁ፤ እኔም ለሰው ደብቄ አውቃለሁ። ግን እኔ ሙሽራ አይደለሁም። ሽማግሌው አልተቆጡም። «ብነግርህ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ደግሞ እጅህን ስታይ ታውቅ ነበር» አሉኝ። ሁሉም ልክ ናቸው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ ጠላሁ። ለሞተች ሴት ዕድሜ ይስጥዎት እያስባልኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስዞር ስንቱ እያወቀ አይቶኛል። ስንቱስ እያወቀ ብሏል። ይህን የሚያህል ነገር በሰው ላይ ሠርቶ በማግስቱ ንፍሮ ይዞ የሚመጣ ከእኛ በቀር ያለ አይመስለኝም።

እህቴን ግን አዘንኩላት። ከሁሉም የተጎዳች እሷ መሰለችኝ፤ ሠርጓ ገና ሳይበርድ። ለቅሶ በተቀመጥንባቸው ቀናት ሁሉ እሷን ማጽናናት የእኔ ሥራ ነው ብዬ ውሃ አቀብላት፣ ብዪ እላት ነበር። እሷ እሺ እያለች ዓይኔን አታየኝም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት ብቻዬን ካሴቶቹን አወጣሁ። የሚላክበት ሰው የለም፤ ግን እንዴት እንደወጣ ማየት ፈለግኩ፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። የመናፈሻውን አስገባሁ። የመጀመሪያው አለፈ። ሁለተኛው አለፈ፤ ካሜራው ዘመመ። ከዚያ ማቆሚያው ላይ የሰካሁት ጊዜ መጣ። ረስቼው ነበር። እኔ ከምስሉ ወጣሁ፤ እህቴ ብቻዋን ቀረች። ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ይሰማል። ሽማግሌው መጡና አጠገቧ ቆሙ። እህቴ የኮታቸውን እጅጌ ያዘች።

«ጋሼ፣ ከዚህ በላይ አልችልም። ልንገረው» አለች።

«ረቡዕ ተመልሰሽ እኔ ቤት መጥተሽ ምን አልሽኝ? እሱ እንዳይሰማ ብለሽ ያስማልሽኝ አንቺ ነሽ። ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ ቻይው» አሏት።

«እንደገና በይ እኮ ይለኛል።»

«በይለት፣ ልጄ።»

ከዚያ የእኔ ድምፅ ከሩቅ፣ መጣሁ፣ ትንሽ ነው የጎደለው ሲል ተሰማ። እህቴ ዓይኗን ጠረገች፣ ቬሎዋን አስተካከለች። ምስሉ ከማቆሚያው ተነስቶ ዙሪያዋን መዞር ጀመረ።

መልሼ አየሁት። ደግሜ አየሁት። ሦስተኛውን ቀረጻ አሁን ሳየው ፈገግታዋ ፈገግታ አልነበረም፤ እኔ ግን ካሜራው መዝመሙን እንጂ ፊቷን አላየሁትም ነበር። ለሞተች እናቷ አትጨፍኚ፣ እይኝ እንድትል ያደረግኳት እኔ ነኝ። ያውም ሦስት ጊዜ ካሜራ ፊት አቁሜያት።

እህቴ ምግብ ይዛ ስትመጣ ቴሌቪዥኑ ላይ የሽማግሌውን እጅጌ እንደያዘች አቁሜው ነበር። አየችው። ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ኮቷን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መቼ እንዳወቀች ጠየቅኳት። ማክሰኞ ከዎርክ ሆና ቤት ደውላ፣ የማታውቃት ሴት ስልኩን አንስታ፣ ከኋላ የሰው ልቅሶ እየተሰማ እንደዘጋችባት ነገረችኝ። ከዚያ በቀጥታ ሽማግሌው ቤት ሄዳ አስጨንቃ አስነገረቻቸው። ሰኞ ጠዋት መሬት ላይ ስትወድቅ ስድስት ቀን የያዘችውን ነበር የምታወጣው። ተናገርኳት። የማይባል ነገር ሁሉ አልኳት፤ እናቴን ነጠቅሽኝ፣ አሾፍሽብኝ፣ በካሜራዬ ቀለድሽብኝ አልኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ለምን? ይህን ብቻ ንገሪኝ» አልኳት።

«ከጋሼ ቤት የመጣሁት ልነግርህ ነበር» አለች። «በሩን ስከፍት ያንን ብረት ይዘህ ኪችን ውስጥ ትሄዳለህ። ትዘፍናለህ። እዚህ አገር ከመጣን ስትዘፍን ሰምቼህ አላውቅም፤ እዚያም እያለን ሰምቼህ አላውቅም። ነገ ልንገረው አልኩ። በነጋታውም ትዘፍናለህ፤ ተመልሼ ጋሼን ያስማልኳቸው ያኔ ነው።»

መዝፈኔን አላውቅም ነበር። የቱን ዘፈን እንደሆነ እንኳ ልጠይቃት አልቻልኩም። ምግቡን አሙቃ አቀረበችልኝ፤ በላሁ፤ ወደ ባሏ ቤት ሄደች። እናታችን በተቀበረች ሳምንት ቤቱ ውስጥ እየዘፈንኩ እንደነበር የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ዛሬ ልጆቿ ልደት ላይ ሰዉ ሁሉ ሲዘፍን እኔ አጨበጭባለሁ፤ እሷም ዞር ብላ አታየኝም።